ለዳንቴል የሚሆን የእንጨት ቦቢን በቶርኖ አሠራር፦ ከፍልጡ እስከ ዶቃው ቀለበት

በአገራችን ዳንቴል ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን በኪሮሽ ተሠርቶ የሶፋ መደገፊያና ቴሌቪዥን የሚለብሰው ጌጥ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው በሌላ መንገድ የሚሠራውን የአውሮፓ ዳንቴል፣ ይልቁንም ያ ዳንቴል የሚሠራበትን መሣሪያ ነው። በዚያ አሠራር ገለባ ተጠቅጥቆበት በጠነከረ ትራስ ላይ፣ ንድፉ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳበት ካርቶን ይሰካል፤ ክሮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀጭን ዘንግ ላይ ይጠነጠናሉ፤ ዳንቴል ሠሪዋ ዘንጎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ እያሻገረችና እየጠመዘዘች ክሩን ታጠላልፋለች፣ የተጠላለፈውም ቦታውን እንዳይለቅ በየቀዳዳው ስፒል ትሰካለች። ዘንጉ ቦቢን ይባላል። ከልብስ ስፌት መኪናው ቦቢን ጋር የሚያገናኘው ስሙና ክር መያዙ ብቻ ሲሆን፣ በአገልግሎቱ ይበልጥ የሚቀርበው ለሸማኔው ቀሰም ነው፤ ልዩነቱ ቀሰም በመወርወሪያ ውስጥ ተቀምጦ ሲመላለስ ቦቢን ግን በጣት እየተያዘ፣ እየተጣለና እየተነሣ የሚሠራ መሆኑ ነው።

የቦቢን ዓይነት ብዙ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በዴቨን የሚሠራው የሆኒተን ዳንቴል ቦቢን ቀጭን፣ ጫፉ ሹልና ምንም ጌጥ የሌለበት ነው፤ ሥራው ቦቢኑን በክር ቀለበት ውስጥ ማሾለክን ስለሚጠይቅ የሚያደናቅፍ ነገር ሊኖርበት አይችልም። በቤልጂግና በአካባቢው ደግሞ ግርጌው እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ ክብደቱ ከራሱ እንጨት የሚገኝ ቦቢን ይበዛል። እዚህ የምናየው በቤድፎርድሺር፣ በባኪንግሃምሺርና በኖርዝሃምፕተንሺር አውራጃዎች የዳበረውን፣ ግርጌው ላይ የዶቃ ቀለበት የሚንጠለጠልበትን የመካከለኛው እንግሊዝ ቦቢን ነው። ይህን የመረጥሁት ለቶርኖ (እንጨት እየተሽከረከረ ለሚቀረጽበት መኪና) ጀማሪ ብዙ የሚያስተምር ስለሆነ ነው፤ አንድ ጣት በማይሞላ ውፍረት ላይ ቀጥታ መላግን፣ ጉብታ ማውጣትን፣ ጎድጓዳ መቅረጽንና ማለስለስን ሁሉ ይጠይቃል።

መልኩና ልኩ

አንድ ቦቢን ከራሱ እስከ ግርጌው ከ90 እስከ 100 ሚሊሜትር ይረዝማል። ከላይ ትንሽ ጉብታ የሆነ ራስ አለው፤ ከራሱ ሥር 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የምትሆን አጭር አንገት፣ ከእርስዋ ሥር ሌላ ትንሽ ጉብታ፣ ከዚያም ክሩ የሚጠነጠንበት ረጅም አንገት ይከተላል። የረጅሙ አንገት ርዝመት ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ነው። ከአንገቱ በታች ያለው ክፍል በሙሉ እጀታ ነው፤ ውፍረቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ጌጥም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በግርጌው ጫፍ አጠገብ የዶቃው ሽቦ የሚያልፍባት ቀዳዳ አለች።

አጭሯ አንገት ያለ ምክንያት አልተሠራችም። ክሩ በረጅሙ አንገት ላይ ከተጠነጠነ በኋላ በራሱ ላይ በተጠለቀ ቋጠሮ አማካይነት በአጭሯ አንገት ላይ ያርፋል፤ ቋጠሮው ቦቢኑ ሲንጠለጠል ክሩ እንዳይተረተር ይይዛል፣ ሠሪዋ ቦቢኑን በጣቷ ስታሽከረክረው ደግሞ ክሩን በመጠኑ ይለቃል። ስለዚህ ራሱና ሁለቱ አንገቶች የክሩ ናቸው፣ እጀታው የባለሙያው ነው። በእጀታው ላይ የፈለጉትን ያህል ይራቀቁ፤ ከእጀታው በላይ ግን ከልኩና ከልስላሴው በቀር ሌላ ነገር አያስቡ። ብዙ ጀማሪዎች፣ እኔም ጭምር፣ የምንሳሳተው ዓይን የሚስበውን እጀታ አሳምረን አንገቱን በጥድፊያ ስለምንጨርስ ነው።

እንጨቱ

የድሮዎቹ የእንግሊዝ ቦቢን ሠሪዎች በአካባቢያቸው የሚያገኙትን የፍራፍሬ ዛፍ፣ በተለይ ፕሪም፣ ቼሪና ፖም ይጠቀሙ ነበር፤ ከእንጨት ሌላ የከብት አጥንትም በቶርኖ ይቀርጹ ነበር። እንጨቱ ጠንካራ፣ ቃጫው የደቀቀና ቀዳዳው በዓይን የማይታይ መሆን አለበት። ዋንዛና ዝግባ ለቤት ዕቃ ሥራ የተመሰገኑ ቢሆኑም ለዚህ ይለሰልሳሉ፤ 3 ሚሊሜትር ሲደርሱ ወይ ይሰበራሉ ወይ ጠርዛቸው ይፈረፈራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ያለ ጥርጥር የምመርጠው ወይራ ነው። ክብደቱ፣ ጥንካሬውና የቃጫው ድቀት ሥራው ከሚፈልገው ጋር የተገናኘ ሲሆን፣ ጥቁር ቡናማና ቢጫ መስመሮቹም ጌጥ ሳይጨመርበት ያምራሉ። የተሰበረ የወይራ ዘነዘና ወይም ያረጀ ዱላ ካገኙ አይጣሉት፤ ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ ከአዲስ እንጨት ይሻላል፣ ከአንድ ዘነዘናም በርካታ ቦቢን ይወጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ዞጲና የእርሱ ቢጤ ጥቁር እንጨቶች ተቆርጠው በትናንሽ ቁራጭ ሲሸጡ ያገኛሉ። ሆኖም ከእነዚህ ጥቁር እንጨቶች አንዳንዶቹ የሚገኙበት ዳልበርጂያ የተባለው የዛፍ ወገን በሙሉ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ስለገባ፣ እንዲህ ያለውን እንጨት ከአገር ወደ አገር ከማሻገርዎ በፊት ሕጉን ይጠይቁ።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከሆነ ጫፎቹን በሰም ወይም በኮላ ሸፍነው ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ያቆዩት። ወይራ በችኮላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በወፍራሙ ከማድረቅ ይልቅ 15 ሚሊሜትር በሚሆን ዘንግ ከፋፍሎ ማድረቅ ጊዜውን ወደ ጥቂት ወራት ያሳጥረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን፤ እንጨቱን በመጋዝ ከመሰንጠቅ በፊት መፍለጥ ይገባል። መጋዝ በተሰመረለት መስመር ይሄዳል፣ የእንጨቱ ቃጫ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቃጫው በቦቢኑ አንገት ላይ በሰያፍ ያልፋል፣ አንገቱም በመጀመሪያው ጫና ከዚያው ላይ ይቆረጣል። እኔ በመጀመሪያ ካዘጋጀኋቸው ዘንጎች አብዛኞቹ የተሰበሩት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ስብራቱ ሁልጊዜ አንገት ላይ ስለሚሆን ጥፋቱን ለረጅም ጊዜ በመሮዬ ላይ አላክኬ ነበር። ስለዚህ ጉማጁን በትንሽ መጥረቢያና በመዶሻ ፈልጠው ቃጫው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ፣ ከዚያ የተፈለጠውን ፊት መነሻ አድርገው በመላጊያ ያስተካክሉና 10 በ10 ሚሊሜትር የሆነ፣ 120 ሚሊሜትር የሚረዝም ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ያውጡ። ቋጠሮ፣ ስንጥቅ ወይም የነቀዝ ቀዳዳ ያለበትን ዘንግ ወዲያው ወደ ምድጃው ይላኩት።

መሣሪያው

ትልቅ ቶርኖ አያስፈልግም፤ የአልጋና የወንበር እግር የሚወጣበት ቶርኖ ይሠራል፣ ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ ግን ይበልጥ ይመቻል። ዋናው ጥያቄ ይህን የመሰለ ቀጭን ዘንግ በምን እንደሚይዙት ነው። ለወፍራም እንጨት የተሠራው ባለ ጥርስ መያዣ ጫፉን ሰንጥቆ ይጥለዋል። የሚሻለው መካከሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ውስጥ የሚጠብ ጉድጓድ ያለው መያዣ ሲሆን፣ የዘንጉ ጫፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጥብቅ ይላል። ካላገኙት ራስዎ ይሥሩት፦ አንድ ጠንካራ እንጨት በቶርኖው መያዣ ላይ አጥብቀው በመካከሉ 9 ሚሊሜትር በሆነ ፑንታ ይብሱት፣ ቀጥሎም ቀዳዳውን በቀጭን ሞረድ አራት ማዕዘን ያድርጉት። በሌላው ወገን ዘንጉን የሚደግፈው ሹል አብሮ የሚሽከረከር ይሁን፤ የማይሽከረከር ከሆነ እንጨቱን እያቃጠለ ይለቃል።

ከመሮዎቹ አራት ይበቃሉ። አንደኛው አፉ እንደ ቦይ የጎደጎደ፣ ማዕዘኑን ገፎ የሚያድበለብል መሮ ነው። ሁለተኛው አፉ በሰያፍ የተሳለ፣ 12 ሚሊሜትር ገደማ የሚሰፋ ጠፍጣፋ መሮ ሲሆን ከሥራው አብዛኛው የሚከናወነው በእርሱ ነው። ሦስተኛው ጠባብ ቦይና ልክ ማውጫ የሚሆን፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ መክፈያ ነው፤ አራተኛው 6 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ባለ ቦይ መሮ ነው። ሁሉም የእጅ ጠጉር የሚላጭ ስለት ይኑራቸው። የደነዘዘ መሮ ወፍራም እግር ላይ ጊዜ ከማባከን ሌላ ብዙ አይጎዳም፣ በቦቢን ላይ ግን ገፍቶ ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ የጎበጠውም ተመልሶ መሮውን ይመታል።

ውፍረት ለመለካት ካሊፐር ያስፈልጋል፤ ለአንገቱ ግን በጣም የሚፈጥነው ከቆርቆሮ ተቆርጦ በትክክል 3.5 ሚሊሜትር የሆነ አፍ የተከፈተለት መለኪያ ነው። ከዚህ ሌላ የልክ ዘንግ ይሥሩ፦ በአንድ ቀጭን ጣውላ ጠርዝ ላይ የራሱን፣ የአንገቶቹን፣ የእጀታውንና የግርጌውን ወሰን በመጋዝ ጭረት ያመልክቱ። ቦቢን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ስለሚሠራ አንዱ ከሌላው እኩል መሆን አለበት፤ ለጠባብ ጥለት እንኳ ከ12 ጥንድ በላይ ሊፈለግ ይችላል፣ ሰፊውና የረቀቀው ደግሞ ከ100 ጥንድ ያልፋል። ሁልጊዜ በማስመሪያ የሚለካ ሰው አሥረኛው ላይ ይሰለቻል።

የዓይን መከላከያ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ። የወይራም ሆነ የዞጲ አቧራ ደቃቅ ነው፣ ሳንባንም ቆዳንም ያስቆጣል። የተንጠለጠለ እጅጌ፣ ነጠላ፣ ሐብልና ያልታሰረ ጠጉር ወደ ቶርኖ አይቅረብ።

ዘንጉን ማድበልበል

የዘንጉን ሁለት ጫፎች መካከል በማዕዘኖቹ መስመር ይፈልጉና በአንደኛው ጫፍ መካከሉን በሹል ነገር ይንቀሱ። ሌላውን ጫፍ በአራት ማዕዘኑ መያዣ ውስጥ ያስገቡ፣ ደጋፊውን ሹል አምጥተው ነቁጡ ላይ ያሳርፉ። እዚህ ላይ መጠን ይጠይቃል፤ ደጋፊው ዘንጉን እንዳይወድቅ መያዝ እንጂ መጭመቅ የለበትም። የተጨመቀ ቀጭን ዘንግ መካከሉ ይጎብጣል፣ ሲሽከረከርም እንደ ዝላይ ገመድ ይሆናል። ዘንጉን በእጅዎ አንድ ዙር አዙረው የመሮ ማስደገፊያውን እንደማይነካ ያረጋግጡ።

ቶርኖውን በደቂቃ 1500 ዙር በሚሆን ፍጥነት አስነሥተው በባለ ቦዩ መሮ ማዕዘኖቹን ይግፈፉ። መሮውን በመጀመሪያ የስለቱ ጀርባ ብቻ እንጨቱን እንዲያሻሽ አድርገው ያሳርፉት፣ ከዚያ የመሮውን እጀታ በጥቂቱ ከፍ ሲያደርጉ ስለቱ መንከስ ይጀምራል፤ ፍርፋሪው እንደ አቧራ ሳይሆን እንደ ቀጭን ክር እየተጠቀለለ ከወጣ አያያዝዎ ትክክል ነው። ሁልጊዜ ከመካከል ወደ ጫፍ ይሂዱ። ዘንጉ ድብልብል ሆኖ 8 ሚሊሜትር ሲደርስ ፍጥነቱን ከ2500 እስከ 3000 ዙር ያድርሱት፤ ውፍረቱ ሲቀንስ የላዩ ፍጥነት ስለሚቀንስ ቀጭን እንጨት በዝግታ ሲሽከረከር ይቦጨቃል እንጂ አይቆረጥም።

ቀጥሎ በሰያፉ መሮ ላዩን ይላጉ። ይህን መሮ ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ የላይኛው ሹል ማዕዘኑ እንጨቱን ከነካ በቅጽበት ዘሎ ይገባና ዘንጉን በጥምዝ ይሰነጥቀዋል። መፍትሔው የስለቱን የታችኛውን ግማሽ ብቻ ማሠራትና ጀርባውን ከእንጨቱ አለማላቀቅ ነው። ዘንጉ መርገብገብ ከጀመረ የግራ እጅዎን አውራ ጣት በመሮው ላይ አድርገው የቀሩትን ጣቶች ከእንጨቱ ኋላ በስሱ ያሳርፉ፤ ጣቶቹ መሮው የሚገፋውን ያህል ብቻ ይመክታሉ። ጣትዎን የሚያቃጥል ሙቀት ከተሰማዎት እየገፉት ነው ማለት ነው። ላዩ እንደ ተወለወለ ሆኖ 7 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ያቁሙ፣ የልክ ዘንጉን አስጠግተው ወሰኖቹን በእርሳስ ይንኩና ቶርኖውን አስነሥተው መስመሮቹን ዙሪያውን ያስምሩ። ራሱ በደጋፊው በኩል፣ ግርጌው በአሽከርካሪው (ዘንጉን በያዘው አራት ማዕዘን መያዣ) በኩል ይሁን።

ራሱ፣ እጀታው፣ በመጨረሻም አንገቱ

በቅደም ተከተሉ ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። እኔ የምከተለው ደካማውን ክፍል ለመጨረሻ ማቆየትን ነው፤ አንገቱ አስቀድሞ ከቀጠነ በኋላ እጀታውን መሥራት በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ሌላውን ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ ነው።

በመጀመሪያ ራሱን ያውጡ። በመክፈያው ከደጋፊው አጠገብ ያለውን ትርፍ እንጨት እስከ 4 ሚሊሜትር ያውርዱ፣ ነገር ግን አይቁረጡት። ከዚያ የሰያፉን መሮ የታች ማዕዘን ተጠቅመው የራሱን ጉብታ ከመካከሉ ወደ ሁለቱም ጎን እያሽከረከሩ ያክቡ፤ የራሱ ውፍረት ከ5.5 እስከ 6 ሚሊሜትር ይብቃው። አጭሯን አንገት በ6 ሚሊሜትሩ ባለ ቦይ መሮ ጠርዝ ወይም በመክፈያው ጀምሮ በመሮው ጫፍ በማለስለስ እስከ 4 ሚሊሜትር ያውርዱ። የአጭሯ አንገት ግድግዳ ቀጥ ብሎ ማዕዘን መሥራት የለበትም፤ እንደ ጀበና አንገት ጎበጥ ብሎ ይውረድ። ማዕዘን ካለ ቋጠሮው ይሸጎርበትና ክሩ በመልቀቂያው ጊዜ ይበጠሳል።

እጀታውን አሁን ይቅረጹ። ለመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ቀጥ ያለና ወደ ግርጌው በጥቂቱ የሚቀጥን እጀታ በቂ ነው። ጉብታና ቦይ ከፈለጉ ቦታቸውን በልክ ዘንጉ ላይ ያስገቡ፣ ምክንያቱም በግምት የተሠራ ጌጥ በጥንዱ ላይ አይደገምም። ጌጡ የትም ቢሆን ከ4.5 ሚሊሜትር በታች አይውረድ፤ ሹል ጠርዝም አይኑረው፣ ቦቢኖቹ ትራሱ ላይ ጎን ለጎን ሲተኙ ጠርዝ ያለው የጎረቤቱን ክር ይይዛል። የግርጌውን ጫፍ ወደ 5 ሚሊሜትር አውርደው ድብልብል ያድርጉት፣ ከአሽከርካሪው ጋር የሚያገናኘውን 4 ሚሊሜትር ያህል እንጨት ግን ይተዉለት።

ረጅሙ አንገት ቀርቷል። በሁለቱ ወሰኖቹ አጠገብ በመክፈያው እስከ 4 ሚሊሜትር ሁለት ቦይ ያውጡ፣ በመካከላቸው ያለውን በትንሹ ባለ ቦይ መሮ ያንሱ፣ የመጨረሻውን ግማሽ ሚሊሜትር በሰያፉ መሮ እጅግ በስሱ ይላጉ። ጣትዎ ከኋላ ይደግፍ። የቆርቆሮው መለኪያ ያለ ግፊት ሲያልፍ ያቁሙ፤ 3 ሚሊሜትር ከደረሰ ከዚያ በታች መሄድ ድፍረት ነው። አንገቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ወደ ራሱ የሚቀጥን አንገት ክሩን ወደዚያ እያንሸራተተ ይከምረዋል።

ማለስለስና መወልወል

የመሮ ማስደገፊያውን ያንሱ። በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው ወደ 400 ከዚያም ወደ 600 ይሂዱ፣ ወረቀቱን በጠባቡ ቀደው ከእንጨቱ ሥር ይያዙት እንጂ ፈጽሞ በጣትዎ ላይ አይጠምጥሙት። ጨርቅም በዚህ ሥራ አይገባም፤ የተያዘ ጨርቅ ጣትን ይዞ ይሄዳል፣ ወረቀት ግን ይቀደዳል። ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ቶርኖውን አቁመው በቃጫው አቅጣጫ፣ ማለት ከራስ ወደ ግርጌ፣ ጥቂት ጊዜ ይሹት፤ እየተሽከረከረ ብቻ የተፈተገ እንጨት ዙሪያውን የከበቡ ደቃቅ ጭረቶች ይቀሩበታል፣ ክርም የሚያኝከው ያ ነው።

የልስላሴ ፈተናው ቀላል ነው። ጥቂት ባዘቶ ይዘው በራሱና በአንገቶቹ ዙሪያ በስሱ ያሻሹ። አንድ የጥጥ ቃጫ እንኳ ተይዞ ከቀረ ሥራው አላለቀም፤ ዓይን ያላየውን ጭረት ጥጡ ያሳያል።

ለእጀታው ከጎማላካ (ከእንጨት ማድመቂያ ቅብ) ጋር የንብ ሰም መጠቀም የተለመደ ነው። ጎማላካውን በወረቀት ቁራጭ ቀብተው ቶርኖው እየዞረ ያድርቁት፣ ከዚያ ሰሙን አስነክተው በሌላ ወረቀት በመፈተግ ሙቀት ያቅልጡት። የተልባ ዘይት የወይራን መልክ እጅግ ያወጣዋል፣ ቶሎ ስለማይደርቅ ግን ወደ ክሩ ይዛመታል፤ በነጭ ክር ላይ የተነካ ዘይት ከወራት ሥራ በኋላ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ለዳንቴል ሠሪዋ ምንም ማጽናኛ የለም። ስለዚህ ራሱንና አንገቶቹን ምንም አይቀቡ። በ600 ቁጥር የለሰለሰ ወይራ ራሱን ችሎ ያበራል።

ለመቁረጥ መጀመሪያ በግርጌው በኩል ያለውን ትርፍ በሰያፉ መሮ ጫፍ እስከ 2 ሚሊሜትር ያቅጥኑ፣ በራሱም በኩል እንዲሁ ያድርጉ። ቶርኖውን አቁመው በቀጭን መጋዝ ይለዩትና ጫፎቹን በእጅዎ ያለስልሱ።

የግርጌው ቀዳዳ

ድብልብል ነገር ላይ ፑንታ ይንሸራተታል። በአንድ ጣውላ ላይ በሰያፍ ሁለት ጊዜ በመጋዝ ገብተው ጎድጓዳ መስመር ያውጡ፤ ቦቢኑ እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ አይንከባለልም። ከጫፉ 3 ሚሊሜትር ገባ ብለው በወስፌ ጫፍ ይንቀሱና 1.2 ሚሊሜትር በሆነ ፑንታ፣ በትንሽ ትራፓኖ ይብሱ። ከአንድ ወገን ብቻ ከበሱት በሚወጣበት በኩል እንጨቱ ስለሚፈረከስ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ያድርጉለት። አንዳንዶች ዘንጉ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ይበሱታል፤ ቀዳዳው መካከሉን አይስትም፣ ሆኖም ኋላ ሲላግ የቀዳዳው አፍ በቀላሉ ይቦጨቃል።

የእጀታው ጌጥ

ከሁሉ የሚቀለው የተቃጠለ ቀለበት ነው። በሰያፉ መሮ ጫፍ ዙሪያውን ጭረት ያውጡ፣ ቀጭን የብረት ሽቦ ጭረቱ ውስጥ አሳርፈው እስኪጨስ ይወጥሩት፣ ጥቁር መስመር ይቀራል። የሽቦውን ሁለት ጫፎች በእንጨት እጀታ ላይ ይሰሩ፤ ሽቦን በጣት ጠምጥሞ ወደሚዞር ቶርኖ መቅረብ ጣት ያሳጣል። ይህ ከማለስለሱ በፊት፣ ምንም ሳይቀባ ይደረጋል።

የጥንቶቹ ሠሪዎች ከዚህ ርቀው ሄደዋል። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ በቀለበት ያስገቡበትን ነብር፣ በነጠብጣብ የሞሉትን ግስላ፣ በክንፍ ቅርጽ የከተቱበትን ቢራቢሮ ብለው ይጠሩት ነበር። እጀታው ተቦርቡሮ መስኮት ከወጣለት በኋላ በውስጡ ሌላ ጥቃቅን ቦቢን የሚንቀሳቀስበት ደግሞ እናትና ሕፃን ይባላል፤ በመሮ እጅ የሚመካ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚሞክረው እርሱን ነው። በዴንሻንገር መንደር ጄሲ ኮምፕተንና ልጁ ጄምስ፣ በክራንፊልድ ደግሞ ቦቢን ብራውን የሚል ቅጽል የወጣለት ሠሪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ የታወቁ ነበሩ። በእጀታው ላይ በጥቃቅን የተበሱ ነጠብጣቦች ስም፣ የፍቅር ቃል፣ የልደትና የሞት ቀን ይጻፍ ነበር፤ ነጠብጣቦቹም በቀይና በሰማያዊ ቀለም ይሞላሉ። ከሁሉ የሚገርመው ቤድፎርድ ውስጥ በአደባባይ የተሰቀሉ ወንጀለኞች ስም የተጻፈባቸው መኖራቸው ነው፤ የጆሴፍ ካስል 1860 እ.ኤ.አ.፣ የዊሊያም ዎርስሊ ደግሞ 1868 እ.ኤ.አ. ይላል። ሴቲቱ ቀኑን ሙሉ በጣቷ የምታሽከረክረው ያንን ነበር። ጆን ሂዝኮት በ1809 እ.ኤ.አ. የመረብ ዳንቴል የሚሠራ መኪና የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ የእጅ ዳንቴል ገበያው እየጠበበ ሄደ፤ ከእነዚህ ቦቢኖች ብዙዎቹ የተሠሩት እንግዲህ ሙያው ወደ ማምሻው በነበረበት ጊዜ ነው።

ፊደል ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው የግዕዝ ፊደል በነጠብጣብ ይመቻል፣ ነገር ግን አንድ ፊደል በ4 ሚሊሜትር ቁመት ቢያንስ ሰባት ወይም ስምንት ነጥብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከግርጌው ጀምሮ እጀታውን እየዞረ ወደ ላይ ይውጣ። ነጥቡ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ አይጥለቅ።

የዶቃው ቀለበት

ቀለበቱ ሁለት አገልግሎት አለው፤ ቀላሉን ዘንግ አክብዶ ክሩን ይወጥራል፣ ትራሱ ላይም እንዳይንከባለል ያግደዋል። ልማዱ ከግርጌው መካከል አንድ ትልቅ ድቡልቡል ዶቃ፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ባለ ጠፍጣፋ ጎን ዶቃ፣ ከላይ አንድ አንድ ትንሽ ዶቃ፣ በድምሩ ዘጠኝ ማድረግ ነው። ጎናቸው ጠፍጣፋ የሆኑት መንከባለሉን የሚያቆሙ ስለሆኑ በድቡልቡል አይተኳቸው። የድሮዎቹ ሴቶች ከዶቃው ጋር የልጃቸውን ልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲም ወይም ዛጎል ይሰኩ ነበር።

0.5 ሚሊሜትር የሆነ የናስ ሽቦ 12 ሴንቲሜትር ያህል ይቁረጡ። ዶቃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሰኩ፣ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከግራና ከቀኝ በግርጌው ቀዳዳ ያሳልፉ፣ በትንሽ ፒንሳ ስበው እያንዳንዱን ጫፍ በተቃራኒው ወገን ባለው ትንሽ ዶቃ ቀዳዳ ውስጥ መልሰው ይደብቁት። ቀለበቱ በቀዳዳው ውስጥ በነፃነት ይወዛወዝ፤ ጥብቅ ካለ ግርጌውን ይሰነጥቃል። ከውጭ የቀረ የሽቦ ጫፍ ካለ በጣትዎ ሳይሆን በባዘቶው ይፈልጉት።

ለቀጭን ክር ቀላል፣ ለወፍራም ክር ከባድ ቦቢን ይስማማል፤ ከባዱ ቀጭኑን ክር ይበጥሰዋል፣ ቀላሉ ወፍራሙን አይወጥረውም። ስለዚህ የሁለት ቦቢን ጥንድነት በእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ከነዶቃው በሚዛን ይታይ፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኙ እሰየው፣ ካላገኙ አንድ ቀጭን ዘንግ መካከሉን በክር አንጠልጥለው ሁለቱን ቦቢኖች በጫፍና በጫፉ እኩል ርቀት ላይ ይስቀሉ። ያዘነበለው ከእጀታው ሳይሆን ከዶቃው ይስተካከል።

በመጨረሻ ጥንዱን ለሥራው ያቅርቡ። አንድ ሜትር የሚሆን የጥጥ ክር ወስደው ግማሹን በአንደኛው፣ ግማሹን በሌላው ረጅም አንገት ላይ ያጠንጥኑ፣ ቋጠሮውን በራሱ ላይ ያጥልቁና በአጭሯ አንገት ላይ ያሳርፉ። የክሩን መካከል በስፒል ላይ ሰቅለው ሁለቱን ይልቀቋቸው። ሳይተረተሩ ተንጠልጥለው ከቆዩ፣ አንዱን በጣትዎ ሲያሽከረክሩትም ክሩን ሳያኝክ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከለቀቀልዎ፣ የልክ ዘንጉን አስቀምጠው ወደ ሁለተኛው ጥንድ ይለፉ።